ዓመት በዓል ለሠዓሊው የሥራ ቀን ነው

አንባቢ ሆይ፤ የእንቁጣጣሽ ዕለት ማለዳ በርዎን ከፍተው ብቅ ሲሉ ከደጅዎ የሚጠብቅዎት ማን እንደ ሆነ ያውቃሉ። ልጃገረዶቹ ለምለም ሣርና አበባ ይዘው አበባየሆሽ እያሉ ይመጣሉ፤ ወንዶቹም ልጆች በወረቀት ላይ የሣሉትን አበባ፥ ፀሐይ ወይም መልአክ ይዘው ከበሩ ይቆማሉ። እርስዎ ሥዕሉን ይቀበላሉ፥ ገንዘብ ይሰጣሉ፥ ልጁም ወደሚቀጥለው ቤት ይሮጣል። ምናልባት ልብ አላሉት ይሆናል እንጂ፥ ያ ልጅ በዚያች ማለዳ ሠዓሊ ነው። የሰው ሁሉ ዕረፍት የእርሱ የሥራ ቀን ሆኖበታል።

ዛሬ ልናጫውትዎ ያሰብነው ይህንኑ ሥራ ዓመቱን ሙሉ መተዳደሪያው ስላደረገው ሰው፥ ማለት ለልጆች መጽሐፍ ሥዕል ስለሚሥለው ሠዓሊ ነው። የምንገልጸውም የአንድ ሰው ታሪክ ሳይሆን የሙያውን ጠባይ ስለ ሆነ፥ ስም አንጠራም። ቦታውን ግን አሶሳ እናድርገው። አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ርቃ፥ 1,570 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው መሬት ላይ ትገኛለች። የክልሉ ነባር ሕዝቦች በርታ፥ ጉሙዝ፥ ሽናሻ፥ ማኦና ኮሞ ሲሆኑ፥ አማራው፥ ኦሮሞውና ሌላውም ከእነርሱ ጋር ጎረቤት ሆኖ ይኖራል። እንግዲህ ለእነዚህ ሁሉ ልጆች የሚሥል ሰው መስከረም ሲጠባ ምን እንደሚገጥመው ያስቡት።

በዓሉ ሲደራረብ

መስከረም 1 ቀን እንቁጣጣሽ ነው። መስከረም 17 ቀን መስቀል ነው። ሽናሾችም የራሳቸውን ዘመን መለወጫ፥ ጋሪ ዎሮን፥ የሚያከብሩት በዚሁ በመስከረም ነው። ይህም ሁሉ ሳይበቃ ትምህርት ቤት የሚከፈትበት ወር ስለ ሆነ፥ መምህሩ መጽሐፍ ይፈልጋል፥ አሳታሚው ሥዕሉን ይጠብቃል፥ ማተሚያ ቤቱም ቀን ቆርጦ ይሰጣል።

ሠዓሊው ጧት ተነሥቶ ከጠረጴዛው አጠገብ ከመቀመጡ በሩ ይንኳኳል። ዓመት በዓል ነውና ጎረቤት ይጠራዋል፤ እንቢ ቢል ነውር ነው። ስለዚህ እርሳሱን በኪሱ ከትቶ ይሄዳል። ድፎው ተቆርሶ፥ ቄጤማው ተጎዝጉዞ፥ ቡናው ሲቀዳ፥ ሌላው እንግዳ የሚያየው ስኒውን ነው፤ እርሱ ግን የሚያየው ጀበናዋን ያነሣችውን እጅ ነው። የቤቱ እመቤት፥ «ልጄ፥ ዛሬ እንኳ ያን ወረቀት ተወውና ብላ!» ማለታቸው አይቀርም። እርሱም እየበላ ይሥላል፥ እየሣለም ይመረቃል።

«ታዲያ በሞባይል ስልኩ ፎቶግራፍ አንሥቶ ቤቱ ሄዶ አይሥልምን?» ይሉ ይሆናል። ፎቶግራፍ ይረዳዋል፤ ነገር ግን ፎቶግራፍ ያገኘውን ሁሉ አንድ ላይ ያፍሳል። ልጅ ግን ታሪኩን የሚከተለው ሠዓሊው መርጦ ባስቀረው ነገር ነው። የሚመርጥ ሰው ደግሞ ከቦታው ሊገኝ ይገባዋል።

ትንሽ ስሕተት፥ ትልቅ ሳቅ

ልጅ አይታለልም። በመስከረም የማንጎ ዛፍ የበሰለ ፍሬ ተሸክሞ ቢሣል፥ ከማንጎ ዛፍ ሥር ያደገው የአሶሳ ልጅ ይስቃል። ቀርከሃም እንዲሁ ነው። የደጋው ቀርከሃ ውስጡ ክፍት ሲሆን፥ የቆላው ቀርከሃ ግን ውስጡ ድፍን ነው። የአሶሳ አገር የቆላው ቀርከሃ አገር ነው፤ አጥሩና የቤቱ ግድግዳ ይሠራበታል፥ በክረምት የሚወጣው ቡቃያም ይበላል። ስለዚህ የተቆረጠ ቀርከሃ ሲሣል ጫፉን እንደ ቧንቧ ክፍት ያደረገ ሠዓሊ የሌላ አገር ሰው መሆኑ ወዲያው ይታወቅበታል።

የሸክሙን ነገር ደግሞ ይመልከቱ። የደጋ ሴት እንስራዋንም እንጨቷንም በጀርባዋ ታዝላለች። የጉሙዝ ሴት ግን በትከሻዋ ላይ በትር አጋድማ ሸክሟን ከሁለቱ ጫፍ ታንጠለጥላለች፤ ሁለቱም ጎን ሚዛኑን ይጠብቃል። ሠዓሊው የጉሙዝን እናት ጀርባዋን አጉብጦ ቢሥላት፥ የገዛ ልጇ እናቱን አያውቃትም።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ሙዚቃው ነው። በርታዎች በበዓልና በሠርግ ዙምባራ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይነፋሉ። እያንዳንዱ ነፊ አንድ ድምፅ ብቻ ስለሚያወጣ፥ ዜማው የሚሞላው ሁሉም በየተራው ሲገባ ነው። ስለዚህ ለገጹ ውበት ብሎ አንድ ነፊ ለብቻው ያቆመ ሠዓሊ ዜማውን ሰበረው ማለት ነው። ሰልፉን በሙሉ፥ ጉንጮቹን ሁሉ መሣል ግድ ይሆንበታል፤ ይህም ከአንድ ምሽት በላይ ይወስዳል።

በዓልም እንደ በዓሉ ነው። የእንቁጣጣሽ ሥዕል ሁልጊዜ አደይ አበባና የጠራ ሰማይ ይፈልጋል። በርታዎች በአብዛኛው እስላሞች ስለ ሆኑ ኢድና አረፋም መሣል አለባቸው፤ ነገር ግን የእስላም ዓመት የሚቆጠረው በጨረቃ ስለ ሆነ ከፀሐዩ ዓመት 11 ቀን ያህል ያጥራል፥ በዓሉም በዓመታት ውስጥ ከወር ወደ ወር ይዘዋወራል። ታላቅየው በበጋ አቧራ ያከበረውን ኢድ ታናሽየው በክረምት ጭቃ ያከብረዋል፤ ሁለቱም ትክክል ነው። ሠዓሊው መሬቱን ምን ቀለም እንደሚቀባው ለመወሰን የቀን መቁጠሪያ ማየት ሊያስፈልገው ነው!

ማታ፥ እንግዳው ሲሄድ

እንግዳው ሲበተን የጠረጴዛው ሥራ ይጀመራል። የልጆች መጽሐፍ ብዙ ጊዜ 32 ገጽ ነው። ምክንያቱም በማተሚያ ቤት አንድ ትልቅ ወረቀት ታጥፎ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ሁለቱ ሲደመር 32 ይሆናል። አንድ ገጽ ልጨምር ማለት አይቻልምና፥ ሠዓሊው በዓሉን ሁሉ በዚያው ውስጥ አጥፎ መክተት አለበት። ለጽሑፉም ቦታ ይተዋል። በክልሉ የበርታ፥ የጉሙዝና የሽናሻ ቋንቋዎች በላቲን ፊደል ይጻፋሉ፤ መጽሐፉ አማርኛም ከጨመረ በአንድ ገጽ ላይ ሁለት ዓይነት ፊደል ይሰፍራል፥ ሥዕሉም ለሁለቱ ጠጋ ይልላቸዋል።

ይህ ድካም ከንቱ እንዳልሆነ ቀደም ብለው የሠሩት ያሳያሉ። እንግሊዛዊቷ የልጆች ደራሲ ኤልዛቤት ሌርድ በምዕራባውያን አቈጣጠር በ1990ዎቹ መጨረሻ የኢትዮጵያን ክልሎች እየዞረች ከተረት አዋቂዎች አፍ ተረት ስትሰበስብ፥ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝም ሰብስባለች። አቶ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስም የእናቱን ምክር ሁልጊዜ ያለጊዜው የሚፈጽመውን የማሞ ቂሎን ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ ባለሥዕል መጽሐፍ አድርገው ካሳተሙ በኋላ፥ በ1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የሾላ የልጆች ቤተ መጻሕፍት እንዲከፈት አድርገዋል። ተረቱ ካለ፥ አንባቢውም ካለ፥ በመካከላቸው የሚቆመው ሠዓሊው ነው።

ልጁ ራሱን ሲያገኝ

ነገሩ ጨዋታ ብቻ አይደለም። መጽሐፍ ገልጦ የሌላውን ቤት፥ የሌላውን በዓል፥ የሌላውን እናት ብቻ የሚያይ ልጅ፥ መጽሐፍ የሌሎች ሀብት ነው ብሎ ያድጋል። በገጹ ላይ የእናቱን በትር ያየ ልጅ ግን «ይህ የእኛ ነው!» ብሎ ጣቱን ይቀስራል፤ ከዚያ በኋላ ፊደሉን ለማወቅ የሚያተጋው ሰው አያስፈልገውም።

በዚሁ ክልል፥ በመተከል ዞን፥ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበረው ግጭት ብዙ ቤተ ሰቦች ከነልጆቻቸው ከቀያቸው ተፈናቅለው እንደ ነበር አንባቢ ያስታውሳል። ቤቱን ጥሎ ለሄደ ልጅ የሣር ክዳኑና የቀርከሃው አጥር በትክክል መሣሉ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለመናገር ቃል አይበቃም። የጎረቤቱም በዓል በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፥ ሳይዛባና ሳይቀለድበት፥ ተሥሎ ቢያገኘው ጎረቤቱን ከመፍራት ይልቅ ማወቅን ይጀምራል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፤ የሚመጣው እንቁጣጣሽ ልጁ ሥዕሉን ሲዘረጋልዎ ገንዘቡን ሰጥተው በሩን ለመዝጋት አይቸኩሉ። ሥዕሉን ቀና አድርገው ይመልከቱትና፥ «ይህ ቤት የማን ነው?» ብለው ይጠይቁት። «የእኛ ነው» ካለዎት፥ በሚቀጥለው ቀን ወረቀትና ቀለም ይግዙለት። አሶሳ የምትፈልገው ሠዓሊ ምናልባት በዚያች ማለዳ ከደጅዎ ቆሞ ይሆናል።