ስለ ጡረታ ውል የተደረገ ክርክር

የቤተ ሰብ አባት ጉልበቱ ሲደክም የሚጦርበትን አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው ስለ ሆነ፥ በአሜሪቃ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቾች ከባለሀብቶቻቸው ጋራ ያደረጉትን ክርክር ለአንባቢዎቻችን ልናስታውቅ ወደድን።

የቦስተኑ ተጫዋች ቦብ ኩዚ ማኅበራቸውን ያቆመው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም. ነው። ባለሀብቶቹ ግን የጡረታውን ነገር ከቀን ወደ ቀን ሲያስተላልፉ ቆዩ። ጥር 14 ቀን 1964 ዓ.ም. ከየቡድኑ የተመረጡት በቦስተን ለታላቁ ግጥሚያ ተሰብስበው ሳለ፥ ጨዋታውም በቴሌቪዥን ሊታይ ተሰናድቶ ሳለ፥ የጡረታ ተስፋ ካልተሰጠን ከልብስ መለወጫው ክፍል አንወጣም ብለው ተቀመጡ። የሎስ አንጀለሱ ቡድን ባለቤት ለኤልጂን ቤይለርና ለጄሪ ዌስት የማስፈራሪያ ቃል ላከባቸው፤ እነርሱ ግን ከባልንጀሮቻቸው አልተለዩም። ውላቸው ሌላ ቡድን ለመምረጥ መብት የማይሰጣቸው ሰዎች ነበሩና፥ ይህን ድፍረት እንደ ቀላል አንቈጥረውም። በመጨረሻም የውድድሩ ዋና ሹም ዋልተር ኬኔዲ ቃሉን ስለ ሰጣቸው ወጥተው ተጫወቱ፤ የምሥራቁም ወገን 111 ለ107 አሸነፈ።

ቡድን የመምረጡን ነገር ደግሞ ኦስካር ሮበርትሰን በ1970 ዓ.ም. ወደ ፍርድ ቤት አቀረበው። ክርክሩም በ1976 ዓ.ም. በስምምነት ሲያልቅ፥ ውሉን የጨረሰ ተጫዋች ወደ ሌላ ቡድን የሚሄድበት መንገድ ተከፈተለት።