ክረምት፣ ልጆችና የደጁ ቤተ ሙከራ

በአገራችን ትምህርት ቤቶች በሰኔ መጨረሻ ገደማ ተዘግተው እስከ መስከረም ድረስ ልጆች ዕረፍት ላይ ይቆያሉ። በገጠር ይህ ወቅት ከብት የሚጠበቅበትና ወላጅ በእርሻ የሚታገዝበት ነው። በከተማ ግን ብዙ ወላጆች «ጭቃ ነው፤ ብርድ ነው» እያሉ ልጆቻቸውን ከቤት ስለማያስወጡ ቀኑን ቴሌቪዥንና ስልክ ይወስዱታል። ስጋታቸው መሠረት የለውም አንልም፤ ጎርፍም መብረቅም እውነተኛ አደጋዎች ናቸው። ሆኖም ልጅን ከደጅ ፈጽሞ ማራቅም ዋጋ ያስከፍላል።

የብርሃን ጉዳይ

ዓይናችን ራሱን ከአካባቢው ብርሃን ጋር ስለሚያስማማ በቤትና በደጅ መካከል ያለው ልዩነት ምን ያህል ሰፊ እንደሆነ አናስተውልም። ሉክስ በተባለው መለኪያ ሲለካ የአንድ ክፍል ብርሃን አብዛኛውን ጊዜ ከ500 አይበልጥም። ደመና በሸፈነው ቀን ግን ደጁ እስከ 10,000 ሉክስ፣ ፀሐይ በወጣ ጊዜ ደግሞ እስከ 100,000 ሉክስ ሊደርስ ይችላል።

ይህ ልዩነት ከልጆች ዓይን ጤና ጋር የተያያዘ ነው። በቻይና ጓንግዡ ከተማ በ12 ትምህርት ቤቶች የተካሄደና ውጤቱ በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ የመጀመሪያ ክፍል ተማሪዎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ግማሾቹ በየትምህርት ቀኑ 40 ደቂቃ ተጨማሪ ጊዜ ደጅ እንዲያሳልፉ አደረገ። ከሦስት ዓመት በኋላ ሩቁን አጥርቶ ያለማየት ችግር የታየባቸው ከእነዚህ ልጆች 30.4 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 39.5 በመቶ ነበሩ። ችግሩ የሚመጣው በአብዛኛው የዓይን ኳስ ከልክ በላይ ሲረዝም ነው፤ ደማቅ ብርሃን ይህን እድገት እንደሚገታ ይታመናል።

ከድምፅ የሚፈጥን ጅራፍ

ነሐሴ 13 ቀን የሚከበረው ቡሄ ሲቃረብ ልጆች ጅራፍ ያጮኻሉ። ጅራፍ ከእጀታው ወደ ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ ነው። እጅ የሰጠው ኃይል እንደ ቀለበት ታጥፎ በገመዱ ላይ ሲጓዝ የሚያንቀሳቅሰው ክብደት እያነሰ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ይጨምራል። ጎሪዬሊና ማክሚለን የተባሉ ተመራማሪዎች በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጡት ስሌት መሠረት፣ የምንሰማው ጩኸት የሚፈጠረው ያ እጥፋት የድምፅን ፍጥነት ሲደርስ ነው፤ በዚያች ቅጽበት የጅራፉ ጫፍ የዚያን እጥፍ ይፈጥናል። ጩኸቱ ከድምፅ የፈጠነ አውሮፕላን ከሚያሰማው ፍንዳታ ጋር በባሕርይው አንድ ነው። ቡሄን የሚጠብቅ ልጅ፣ ሳያውቀው፣ የድምፅን ወሰን ይሻገራል ማለት ነው።

መብረቁን መቁጠር

ድምፅ በ15 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ብርሃን ግን ወዲያውኑ ይደርሰናል። ስለዚህ ልጁ ብልጭታውን ካየ በኋላ ነጎድጓዱን እስኪሰማ ሰከንዶችን ቆጥሮ ለሦስት ቢያካፍል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ያገኛል። ቆጠራው ጨዋታ ብቻ አይደለም። ከ30 ሰከንድ ካነሰ መብረቁ ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነውና ወዲያውኑ ቤት መግባት ያስፈልጋል፤ ከመጨረሻው ነጎድጓድ በኋላም 30 ደቂቃ መቆየት ይገባል። ቆጠራው ረጅም ቢሆንም ነጎድጓድ እስከተሰማ ድረስ ደጅ አለመቆየቱ ይመረጣል። ዛፍ ሥር መጠለል ግን ፈጽሞ አይገባም፤ ብዙ ሰዎችን ለሞት የዳረገ ልማድ ነው።

ለወላጆች የምንለው አጭር ነው። በአዲስ አበባና በአካባቢዋ የክረምት ዝናብ በአብዛኛው ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ለልጆች ይተው። ከወንዝና ከጎርፍ መውረጃ ይራቁ፤ በተረፈ በጓሯቸው ቦይ ይቅደዱ፣ በጭቃ ግድብ ይሥሩ፣ ውኃው የትኛውን ግድብ ቀድሞ እንደሚያፈርስ ይመልከቱ። ስለ ግፊት በመስከረም የምናስተምረውን ልጅ፣ ግፊት ግድቡን ሲንድበት በነሐሴ አይቶት ቢመጣ የመምህሩ ሥራ ይቀላል። የቆሸሸ ልብስ በውኃ ይጸዳል፤ በልጅነቱ የረዘመ የዓይን ኳስ ግን ወደ ቀድሞ ልኩ አይመለስም።