ስለ ዳቮስ፤ በአየሯ ስለ ታወቀችው የተራራ ከተማ

በስዊስ አገር፣ በምሥራቅ በኩል፣ ግራውቢውንደን በሚባለው ክፍል፣ በአልፕስ ተራራዎች መካከል ዳቮስ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከባሕር ወለል በላይ ከፍታዋ 1,560 ሜትር ነው፤ በሸለቆዋም ላንድቫሰር የሚባለው ወንዝ ይወርዳል። ዙሪያዋን የከበቧት ተራራዎች ብርቱውን ነፋስ ስለሚከለክሉላት፣ ምድሯ በበረዶ በተሸፈነበት ወራት እንኳ ፀሐይዋ ብሩህ፣ አየሯም ደረቅና ጸጥ ያለ ነው። የዚችን ከተማ ታሪክ በቤተ ሰብ ገጻችን ለማተም የወደድነው፣ ሕመምተኛ ላለበት ቤት ሁሉ የሚጠቅም ምክር ስላለበት ነው። ዓመቶቹን በኤውሮፓ አቈጣጠር ጽፈናል።

ሸለቆውን በ13ኛው መቶ ዓመት ያቀኑት ቫልዘር የተባሉ፣ ጀርመንኛ የሚናገሩ ሰዎች ናቸው። እነርሱም ከብት እያረቡ ብዙ ዘመን በጸጥታ ኖሩ። በ1853 ዓ.ም. ግን ዶክቶር አሌክሳንደር ሽፔንግለር ወደዚያ መጡ። እኒህ ሰው በጀርመን አገር በተነሣው አብዮት ተካፋይ ስለ ነበሩ ተሰደው፣ በስዊስ የሕክምና ትምህርት የተማሩ ናቸው። በዳቮስም ሲሠሩ የሳንባ ነቀርሳ በአገሩ ተወላጆች ላይ እምብዛም አለመታየቱን ተመለከቱ፤ ምክንያቱም የተራራው አየር ነው ብለው ገመቱ። በ1865 ዓ.ም. በበረዶው ወራት ሁለት ሕመምተኞች ከጀርመን አገር መጥተው ስለ ተሻላቸው፣ የዳቮስ ስም በኤውሮፓ ተሰማ።

በ1867 ዓ.ም. ሙሴ ቪለም ያን ሆልስቡር የተባሉ የሆላንድ ሰው የታመሙትን ባለቤታቸውን ይዘው መጡ። ወይዘሮዋ ግን አልዳኑም። ባልዮው ሐዘናቸውን ችለው እዚያው ቀሩ፤ ከዶክቶር ሽፔንግለርም ጋራ ሆነው የሕሙማን ማረፊያ አቋቋሙ። የባቡሩም ሐዲድ እስከ ዳቮስ እንዲደርስ ደከሙ፤ በ1890 ዓ.ም. ባቡሩ ገባ። ሕሙማኑም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው በየሰገነቱ ብዙ ሰዓት ይተኙ፣ ወተትና መልካም ምግብም ይመገቡ ነበር።

በ1882 ዓ.ም. ዶክቶር ሮበርት ኮኽ በሽታው ከሰው ወደ ሰው በሚተላለፍ ረቂቅ ተሕዋስ የሚመጣ መሆኑን ባስረዱ ጊዜ፣ ጥንቃቄው ጠነከረ፤ ሕመምተኞችም አክታቸውን በትንሽ ጠርሙስ እንዲይዙ ታዘዙ። ሆኖም ዕረፍትና ምግብ አንዳንዱን ቢረዱ፣ በዚያ ውብ ተራራ የተቀበሩት ብዙዎች ናቸው። ከፍታ ብቻውን የሚያድን ቢሆን፣ አዲስ አበባችን ከዳቮስ ይልቅ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፣ ይህ በሽታ ባልተገኘባት ነበር።

እውነተኛው መድኃኒት መገኘት የጀመረው፣ በ1943 ዓ.ም. በአሜሪካ ስትሬፕቶማይሲን በተገኘ ጊዜ ነው። ከዚያ በኋላ የሕሙማን ማረፊያዎቹ አንዳንዶቹ ተዘጉ፤ በ1900 ዓ.ም. የተከፈተው ሻትዛልፕም ኋላ ሆቴል ሆነ። ከተማዋ ግን አልጠፋችም። በ1934 ዓ.ም. በበረዶ ላይ የሚንሸራተቱትን ሰዎች ወደ ዳገቱ የሚስብ ገመድ ተሠርቶላት ስለ ነበረ፣ ለሕሙማን የተሠራው ቤት ለጤነኞች መዝናኛ ሆነ። ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮም የዓለም የምጣኔ ሀብት ጉባኤ ይደረግባታል።

እንግዲህ የዳቮስ ታሪክ የሚያስተምረን ይህ ነው፤ ንጹሕ አየርና መልካም ምግብ ለሰው ሁሉ ይጠቅማሉ፤ የሐኪምን መድኃኒት ግን አይተኩም። ዛሬ የሳንባ ነቀርሳ የያዘው ሰው ወደ ሩቅ ተራራ ሳይሄድ፣ መድኃኒቱን አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ሳያቋርጥ ቢወስድ ይድናል። ስለዚህ ከቤተ ሰባችሁ ሁለት ሳምንት ያህል የሚያስለው፣ ሌሊት የሚያልበው፣ ወይም ሰውነቱ የሚከሳ ቢኖር፣ መስኮቱን ከፍታችሁ ቤቱን አናፍሱ፤ ሰውየውንም ሳትዘገዩ ለሐኪም አሳዩ። አባቶቻችን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ያሉትን አንዘንጋ።