በተማሪዎች ማደሪያ ስለሚያጋጥሙ ቀላል ሕመሞች

ከወላጆቹ ቤት ርቆ በዩኒቨርሲቲ ማደሪያ የሚኖር ተማሪ፣ በታመመ ጊዜ አጥሚት አፍልታ የምታቀርብለት እናት በአጠገቡ የለችም። አስታማሚውም መካሪውም የክፍል ጓደኛው ነው። ይህ መተሳሰብ የሚያስመሰግን ሲሆን፣ ጓደኛው ከሣጥኑ አውጥቶ የሚያካፍለው የተረፈ መድኃኒት ግን ብዙ ጊዜ ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል።

ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ነው። አሞክሲሲሊንና እርሱን የመሳሰሉት መድኃኒቶች የሚያጠፉት ባክቴሪያን ስለ ሆነ ጉንፋንን አያድኑም። ያለ አግባብ ወይም በጎደለ መጠን የተወሰዱ እንደ ሆነ ደግሞ ባክቴሪያዎቹ መድኃኒቱን ይለማመዱታል፤ በእውነት በሚያስፈልግበትም ቀን ሳይሠራ ይቀራል። ፔኒሲሊንን ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1945 ዓ.ም. በኖቤል ሽልማት ንግግሩ ስለዚህ አደጋ አስጠንቅቆ ነበር።

እንግዲህ ጉንፋን የያዘው ተማሪ ይረፍ፤ ትኩስ ነገር ይጠጣ፤ ሲያስል አፉን ይሸፍን፤ እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ መጠጫውን ለሌላ አያውስ። ሕመሙ አብዛኛውን ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቀዋል። ለራስ ምታት ፓራሲታሞል የሚወስድ ሰው፣ ባለ 500 ሚሊግራሙን ከኒና በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ማሳለፍ የለበትም። ተቅማጥ የያዘውም፣ ፈልቶ በቀዘቀዘ 1 ሊትር ውሃ ውስጥ 6 ልክ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ ደጋግሞ ይጠጣ።

ነገር ግን ቀላል መስሎ የሚጀምር ሁሉ ቀላል አይደለም። ሳልና ንፍጥ ሳይኖር ትኩሳትና የአንገት ዕጢ እብጠት የተከተለው የጉሮሮ ሕመም በባክቴሪያ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ በወቅቱ ካልታከመም የልብን በሮች ለዘለቄታው የሚጎዳ በሽታ ሊያስከትል ይችላል። ከደጋ ተነሥቶ በአርባ ምንጭ ወይም በጋምቤላ የሚማር ተማሪም ትኩሳት ሲሰማው «ጉንፋን ነው» ብሎ ሊተኛ አይገባውም፤ የወባ ምርመራ በዚያው ዕለት ያድርግ። የአንገት መገተር፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የታየበትም፣ ፈተና ቢኖርበት እንኳ ወደ ሐኪም ሳይዘገይ ይሂድ።

ስለዚህ ተማሪ ለታመመ ጓደኛው ሊያካፍለው የሚገባው የተረፈ መድኃኒቱን አይደለም። ውሃ ያቅርብለት፤ ያመለጠውን ትምህርት ይጻፍለት፤ ሕመሙ ሲጠናም ደግፎ እስከ ክሊኒኩ ደጃፍ ያድርሰው።