ጽናትና ራስን መሆን

በዚህ ዓመት ከወላጆች ጋር ባደረግናቸው ስብሰባዎች አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ተነሥቷል፦ «ልጆቻችን ማንነታቸውን ሳይለቁ እንዴት ይጠንክሩ?» ንያኩሮን ውስጥ የሚያድግ የሐበሻ ልጅ ቤቱ አማርኛ ይሰማል፣ ክፍል ውስጥ በእንግሊዝኛ ይማራል፣ ሱቅ ሲላክ በጁባ ዓረብኛ ይገዛል። አንዳንዱ እናቱ ጓደኞቹ ፊት በአማርኛ ስትጠራው ያፍራል። ሌላው ደግሞ የሰፈሩን ልጆች ጨርሶ አይቀርብም። ሁለቱም ያሳስቡናል።

ጽናት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ችሎ ዝም ማለትን ነው። ይህ ግን ግማሹ ብቻ ነው። ቀሪውን ለማሳየት ከዚሁ ከምንኖርበት አገር የወጣን ሯጭ ታሪክ እናንሣ።

ጉኦር ማሪያል፣ በኋላ ጉኦር ማዲንግ ማከር የተባለው፣ በልጅነቱ ከጦርነት ሸሽቶ በግብፅ በኩል አሜሪካ ገባ። ከዘመዶቹ 28 ሰዎች በጦርነቱ ማለቃቸውን ተናግሯል። እዚያ እየተማረ ሮጠ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በመጀመሪያ ማራቶኑ ለለንደን ኦሊምፒክ የሚያበቃ ሰዓት አስመዘገበ። ይሁን እንጂ ደቡብ ሱዳን ነፃነቷን ያወጀችው በዚያው ዓመት ጁላይ 9 ስለነበር የኦሊምፒክ ኮሚቴ ገና አልነበራትም። ለሱዳን እንዲሮጥ አማራጭ ቀረበለት። ለነፃነት የሞቱትን ወገኖቼን መክዳት ይሆንብኛል ብሎ እምቢ አለ።

ተማሪዎች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው ከእምቢታው በኋላ ያለውን ነው። መወዳደር አለመወዳደሩ ሳይታወቅ ልምምዱን ቀጠለ። ብቻውንም አልነበረም፤ ወዳጆቹ ለኮሚቴው እየጻፉ ተሟገቱለት። በመጨረሻ በኦሊምፒክ ባንዲራ ሥር እንዲሮጥ ተፈቀደለት፤ በ2 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ከ32 ሰከንድ 47ኛ ወጣ። ሜዳሊያ አላገኘም።

አንድ ተማሪ «ለሱዳን ቢሮጥስ ኖሮ ያው ጉኦር አይደለም ወይ?» ብሎ ሊጠይቀን ይችላል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ሌላ ሰው በእሱ ቦታ ሆኖ ሌላ ቢመርጥ ከሃዲ አንለውም። የጉኦር ምርጫ ዋጋ ያገኘው ምን እንደማይሰጥ አስቀድሞ ስላወቀና የሚያስከፍለውን ለመክፈል ስለተዘጋጀ ነው።

ቀጣዩን ብዙ ቤተሰቦች ከራሳቸው ትዝታ ጋር ያያይዙታል። በ2008 ዓ.ም. ሐምሌ መጀመሪያ ላይ በከተማችን ተኩስ በተከፈተ ጊዜ፣ በር ዘግተው ልጆቻቸውን ወለል ላይ አስተኝተው ያደሩ ወላጆች በመካከላችን አሉ። በዚያው ወር በ29ኛው ቀን ደቡብ ሱዳን ለመጀመሪያ ጊዜ በስሟ ወደ ኦሊምፒክ ገባች። በሪዮ ስታዲየም ባንዲራዋን ይዞ ከፊት የሄደው ጉኦር ነበር።

ራስን መሆን ግን ባሉበት መቆም አይደለም። አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. በመኪና አደጋ እግሮቹ ሽባ ከሆኑ በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጦ በቀስት ተወዳድሯል። ሩጫው ቀረ እንጂ አበበ አበበ ነው። ስለዚህ ልጃችሁ ከጎረቤት ልጆች ጋር በጁባ ዓረብኛ ሲጫወት አትደንግጡ፤ እንዲያውም ቋንቋው ወዳጅ ያስገኝለታል፤ ወዳጅ ደግሞ በክፉ ቀን ምን ማለት እንደሆነ በዚህች ከተማ የኖረ ሁሉ ያውቃል። የሚያሳስበን አማርኛውን ደብቆ ስሙን ሲቀይር ነው።

እኛ መምህራን የልጁን ስም አሳጥረን ወይም አጣመን ላለመጥራት፣ ሲሳሳትም በክፍል ፊት ላለመሳቅ ተስማምተናል። ከወላጆች የምንጠይቀው ትንሽ ነው። ማታ ከሆቴሉም ከሱቁም ስትመለሱ፣ ልጃችሁን ውሎውን በአማርኛ ጠይቁት። መሐል ላይ የዓረብኛ ወይም የእንግሊዝኛ ቃል ቢያስገባ አታቋርጡት፤ ይጨርስ።