ከማዳም ጋር ወደ አውሮፓ ስትሄዱ፦ ስለ ጉዞ ኢንሹራንስ

ከሰኔ ጀምሮ ሙቀቱ ሲበረታ ብዙ ቤተሰቦች ልጆቻቸውንና ሠራተኛቸውን ይዘው ወደ አውሮፓ ይሄዳሉ። ከእናንተም መካከል በዚህ ዓመት የምትሄዱ እንዳላችሁ ሰምተናል።

ከዚህ በፊት አንዲት እኅታችን ፓሪስ ሄዳ ሳለ በሆቴሉ መታጠቢያ ቤት ተንሸራታ ወደቀችና እጇ ተሰበረ። የሆስፒታሉን ገንዘብ አሠሪዋ ከከፈሉ በኋላ በየወሩ ከደመወዟ ይቆርጡባት ጀመር። ወደ እኛ የመጣችው ከአምስት ወር በኋላ ነው። የቪዛ ወረቀቶቿን ስናገላብጥ በስሟ የተገዛ ኢንሹራንስ ተገኘ፤ የወደቀችበት ቀንም በውስጡ ነበረ። ብንደውል የሆስፒታሉን ደረሰኝና የሐኪሙን ማስረጃ ዋናውን አምጡ አሉን። እርሷ ግን ያን ወረቀት የማይጠቅም መስሏት እዚያው ጥላው ነበር የተመለሰችው።

ይህ ወረቀት የጉዞ ኢንሹራንስ ወይም የጉዞ መድን ይባላል። አሠሪ ለኢቃማ ማሳደሻ ከሚገዛው ጋር አንድ አይደለም። የኢቃማው በአብዛኛው የሚያገለግለው በምትሠሩበት አገር ብቻ ነው፤ አውሮፕላን ከተሳፈራችሁ በኋላ እርሱን ተስፋ አታድርጉ።

ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ስፔን፣ ስዊዘርላንድና ሌሎችም፣ በጠቅላላው 29 አገሮች፣ ሸንገን በሚባል በአንድ ቪዛ ይገባባቸዋል። ይህን ቪዛ በኢትዮጵያ ፓስፖርት የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን ኢንሹራንስ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ ሕክምናን፣ ሆስፒታል መተኛትን፣ ታሞ ወደ መጡበት መመለስን፣ ሞት ቢደርስም የሚመጣውን ወጪ መሸፈን ይኖርበታል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ ከሆነ፣ ሲጠየቅ የሚቀርበው ኢንሹራንስ ለመጀመሪያው ጉዞ ብቻ ነው። በሁለተኛው ጉዞ ማንም አዲስ ካልገዛላችሁ፣ ቪዛ እያላችሁ ያለ ኢንሹራንስ ትሄዳላችሁ።

ለንደን ከሸንገን ውጭ ናት። ለእንግሊዝ ቪዛ ኢንሹራንስ ግዴታ አይደለም። በመንግሥት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል መታየት ነጻ ቢሆንም፣ ለአጭር ጊዜ የመጣ ሰው ተኝቶ ከታከመ ይከፍላል።

ኢንሹራንሱ ከመገዛቱ በፊት ከሁሉ በላይ የሚጠየቀው በሥራ ላይ ስለሚደርስ ጉዳት ነው። የጉዞ ኢንሹራንስ ብዙውን ጊዜ የሚዘጋጀው ለጎብኚ ነው፤ እናንተ ግን እዚያም ታበስላላችሁ፣ ትተኩሳላችሁ፣ ልጅ ትይዛላችሁ። ዘይት ቢያቃጥላችሁ «የሥራ ጉዳት ነው፣ አይመለከተንም» የሚል ውል አለ። ስለዚህ ማዳም «የቤት ሠራተኛ ናት፣ በሥራ ላይ የሚደርስባትንም ይሸፍናል?» ብለው እንዲጠይቁ ለምኗቸው። ዋጋው ቢጨምርም የሚሸፍነው ይሻላል። እንደ ስኳርና ደም ግፊት ያለ የቆየ ሕመም ብዙ ጊዜ አይሸፈንም፤ የምትወስዱትን መድኃኒት አስቀድማችሁ በበቂ ያዙ። ከወጪው የመጀመሪያውን ጥቂት ገንዘብ ታካሚው ይክፈል የሚልም አለና፣ እርሱን ማን እንደሚከፍል ከመሄዳችሁ በፊት ተነጋገሩ።

ስማችሁ በፓስፖርቱ እንዳለው ፊደል በፊደል ይጻፍ። በቤት ውስጥ ያወጡላችሁ ስም እዚህ አያገለግልም። ቀኑም ከመነሻ እስከ መመለሻ ይድረስ፤ ቤተሰቡ «አንድ ሳምንት እንጨምር» ካሉ ኢንሹራንሱም መራዘም አለበት።

ፓስፖርቱም ኢንሹራንሱም በማዳም ቦርሳ ውስጥ እንደሚሆን እናውቃለን። ስለዚህ ሁለቱንም በስልካችሁ ፎቶ አንሡ። በወረቀቱ ላይ የውል ቁጥርና የእርዳታ ስልክ አለ፤ ስትታመሙ ቢቻል ሆስፒታል ከመግባታችሁ በፊት፣ ካልሆነም ወዲያው በዚያ ስልክ ይደወል። ሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ ግን መጀመሪያ 112 ደውሉ፤ በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ በነጻ ይሠራል። ደረሰኝና የሐኪም ወረቀት አንድም አትጣሉ።

ወረቀቱ በማታነቡት ቋንቋ ከተጻፈ፣ ከመጓዛችሁ በፊት ባለው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነበዋለን።