ለገበሬ የሚሰጥ ብድርና ጊዜው

ገበሬ የአገር ምሰሶ መሆኑን የማያውቅ የለም። ነገር ግን ምሰሶው ራሱ ድጋፍ የሚሻበት ወራት አለ፤ ይኸውም ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ያለቀበት፣ አዲሱም ገና ያልደረሰበት ክረምት ነው። በዚህ ወራት ዘር ያጣ ገበሬ ወይ በአራጣ አበዳሪ እጅ ይወድቃል፤ ወይ የሚያርስበትን በሬ ይሸጣል።

መንግሥት ለገበሬ ዘር መስጠቱ የቆየ ነገር ነው። በኦሪት ዘፍጥረት እንደ ተጻፈው፣ ምንም እንኳ መሬቱ ለፈርዖን የተገዛ ቢሆን፣ ዮሴፍ ለግብጽ ሰዎች ዘር ሰጥቶ ከመከሩ አምስተኛውን እጅ ለንጉሡ እንዲያገቡ፣ አራቱን እጅ ግን ለዘርና ለቤተ ሰባቸው ምግብ እንዲያስቀሩ አዘዘ። አስተዋይ ሰው ከዚህ የሚማረው፣ ግብር ሲወሰን ለከርሞ የሚዘራው አስቀድሞ መታሰቡን ነው።

በኢትዮጵያም ከጠላት ወረራ በኋላ፣ በ1937 ዓ.ም. ገደማ፣ በጦርነት እርሻቸው የተጎዳባቸውን ባለ መሬቶች የሚረዳ የእርሻ ባንክ ተቋቁሞ ነበር። መሬት የሌለው ጭሰኛ ግን በመያዣ የሚሰጠው ርስት አልነበረውም። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ ስለ አነስተኛ የብድርና የቁጠባ ተቋሞች አዋጅ ወጣ፤ እነዚህም ገበሬዎችን በቡድን እርስ በርሳቸው ዋስ እያደረጉ አበደሩ። የክልል መንግሥቶችም በበጀታቸው ዋስ እየሆኑ ማዳበሪያ በዱቤ እንዲታደል አደረጉ።

የመያዣው ችግር እንዲህ ቢቃለልም የጊዜው ችግር አልቀረም። በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ መከር ከመብዛቱ የተነሣ ዋጋው እጅግ ወደቀ፤ ብዙ ገበሬዎችም የማዳበሪያ ዕዳቸውን ለመክፈል ተቸገሩ። እህሉ ከአውድማ ሳይነሣ ዕዳ የተጠየቀ ሰው፣ ሁሉ በሚሸጥበት ቀን አብሮ ይሸጣል፤ ጥቂት ወር ቢታገሡት ግን በተሻለ ዋጋ ሸጦ ዕዳውንም ይከፍል፣ ዘሩንም ያስቀር ነበር።

ስለዚህ ብድሩን የሚያዙ ሹማምንት የገንዘቡን ብዛት ብቻ ሳይሆን የሚደርስበትንና የሚመለስበትን ወር ሊመረምሩ ይገባል። ዘር ካለፈ በኋላ የደረሰ ማዳበሪያ ዕዳ እንጂ እርዳታ አይባልም። ካህናትም በበኩላቸው፣ ብድር ምጽዋት አለመሆኑን፣ የተበደረውን የማይመልስ ሰው የሚጎዳው ዋስ የሆኑትን ጎረቤቶቹን መሆኑን ለሕዝቡ ሊያስተምሩ ይገባቸዋል። ሰጪው ጊዜውን፣ ተቀባዩም ቃሉን የጠበቀ እንደ ሆነ፣ በሬው ከቤት፣ ዘሩም ከጎተራ አይጠፋም።